ስም ያልተጻፈባት ደብዳቤና አባባ ይርጋ

አባባ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማነው ከአቶ ፈንታሁን ነው። ከእሳቸው ሌላ ከማን ልንሰማ! የክበባችን ሊቀመንበር ልደትም ይሁን ሰርግ፣ ዝናብም ይሁን ሞት፣ ከሁሉ ቀድመው ካልተናገሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በሰፈራችን በሽኩና ጊሜል የአዛውንቶች ዋትስአፕ የላኩት የድምፅ መልእክት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከአራቱ ሦስቱ ስለ ራሳቸው ነው። በቀረችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ግን «የሞዓዶናችን መሥራች፣ ወንድማችንና አማካሪያችን» ሲሉ ሰማሁና አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ለቅሶዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ወታደር ልጅ በዕብራይስጥ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት። አባባ ይርጋ የሞዓዶኑ መሥራች አልነበሩም። በታሪኩ ከሞዓዶኑ የተባረሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ።

ሞዓዶን የምንለው የአዛውንቶች መዋያ ክበባችንን ነው። ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ሚሳይል ሲመጣ በምንሸሸግበት መጠለያ፣ በሚቅላቱ ውስጥ። አሥራ ስምንት ደረጃ ወርደህ ከባድ የብረት በር ትገፋለህ፤ ከዚያ አርባ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የውሃ ማፍያ፣ የምሳ ሽታና አቶ ፈንታሁን አሉ። እኔ አስቴር፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠረኝ አስተባባሪ ነኝ። ምሳ አስቀርባለሁ፣ የደም ግፊት እለካለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ አቶ ፈንታሁንን አዳምጣለሁ። የመጨረሻው በሥራ ዝርዝሬ ላይ አልተጻፈም፤ ግን አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው እሱ ነው።

አባባ ይርጋ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሰማንያውን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ኪፓቸው፣ ትንሹ የይሁዲ ቆብ፣ ከተላጨ ራሳቸው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግራቸው በአንድ እጃቸው ደገፍ ያደርጉት ነበር። በሌላው እጃቸው፣ ሰው ሲያወራ፣ ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው ይጽፋሉ። መጀመሪያ የነርቭ በሽታ መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ልወስዳቸው ነበር። ኋላ ሳስተውል ፊደል ነው። የምንናገረውን እየጻፉት ነበር። አንዳንዴ ጣታቸው ቆም ትልና ቀና ብለው ያዩኛል፤ ያኔ የማይጻፍ ነገር እንደተናገርኩ ይገባኛል።

ሁለት ጥያቄ ነበራቸው፤ ከሁለቱ ሌላ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። «ደራሲው ማነው?» እና «መልእክቱ ምንድነው?» ለማንኛውም ነገር እነዚህን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ገጽ ደብዳቤ ደረሳቸውና ይዘውልኝ መጡ።

«ደራሲው ማነው፣ አስቴር ልጄ?»

«ሰው አልፈረመበትም አባባ። ኮምፒውተር ነው።»

«እሺ ይሁን። መልእክቱስ ምንድነው?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ደብዳቤ እንደላከልዎት ሊያሳውቅዎት ነው የጻፈው» አልኳቸው።

«የዋህ ነው» አሉና ደብዳቤውን በክብር አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሜትንም በዚሁ ነበር የሚገድሉት። አንዱ መጥቶ «የእገሌ ልጅ እንዲህ ሆነች አሉ» ሲል፣ ኪፓቸውን ደገፍ አድርገው «ደራሲው ማነው?» ይላሉ። ሰውየው «ሰዎች ናቸው» ይላል። «ሰዎች የሚባል ደራሲ አላውቅም» ይላሉ። ወሬው እዚያው ይደርቃል። በዚህ የተነሣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ያለ ሐሜት ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት መዋል ከባድ ነው።

አሁን ስለ እኛ አንድ ነገር ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። የሞዓዶናችን ሰው አብዛኛው በዘሩ ይሁዲ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው። አያቶቻችን፣ ከፊሎቹ ተቸግረው፣ ከፊሎቹ ወደው፣ ተጠምቀው ነበር። እኛ እዚህ እስራኤል መጥተን፣ የመመለሻውን ትምህርት ግዩርን ተምረን፣ ተፈትነን፣ ቴዑዳ የሚባለውን ወረቀት ይዘን ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት ተመልሰናል። መመለሳችን የእውነት ነው፤ ሰንበት ስናከብር ለታይታ አይደለም። ግን አንድ ፍርሃት አብሮን ይኖራል። ቴዑዳውን የሰጠን ሰው አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞ «ቆይ፣ አንተ ድሮ ምን ነበርክ?» የሚለን ይመስለናል። እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም፤ ፍርሃቱ ግን ሰው አያስፈልገውም።

ስለዚህ የአባልነት ቅጽ ስሞላ «አገር ቤት ሥራዎት ምን ነበር?» እላለሁ፤ አርባው ሁሉ «ገበሬ» ይላል። እንደ ቅጻችን ከሆነ ጎንደር ውስጥ ከገበሬ በቀር ሰው አልነበረም። አንድ ዲያቆን የለም፣ አንድ መሪጌታ የለም፣ ደብር ደጃፍ ያለፈ ሰው የለም። በሐኑካ በዓል ግን ሻማ በርቶ መዝሙር ሲነሣ፣ አርባ ገበሬ ባንድ እግሩ መሬት እየመታ፣ እየሰገደ እየቀና ሲያሸበሽብ ብታዩ እግዚኦ ትላላችሁ። አባባ ይርጋም ቅጹ ላይ ገበሬ ናቸው። እጃቸው ግን ከብዕር በቀር የከበደ ነገር ይዞ አያውቅም። እኔም በራሴ ቅጽ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልጻፍኩም፤ ሰባት ዓመት ዘምሬያለሁ።

አቶ ፈንታሁን ከሁላችንም የጠነከሩ ናቸው። እሳቸው ገበሬም ብቻ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር በሩቁ እንኳ አይተው አያውቁም። ደወል ሲሰሙ ጆሯቸውን ይደፍኑ እንደነበር በየስብሰባው ይነግሩናል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከአባሎቹ ሁሉ ወጣቱ ናቸው፤ ግን ከፊተኛው ረድፍ መካከለኛው ወንበር የእሳቸው ነው። ሾርባ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእሳቸው ነው። ለሽርሽር ስንሄድ ከሾፌሩ ቀጥሎ እሳቸው ይገባሉ፤ አንድ ቀን ሾፌሩንም ቀድመውት ገብተው በሩ ተቆልፎባቸዋል። በዕብራይስጥ ዮሽቭ ሮሽ፣ ሊቀመንበር፣ ካላልናቸው አይዞሩም።

እማማ የሺ የመጡት በበጋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጎንደር ላይ ተራ ጠብቀው ሲደርሳቸው ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ሆኖ ነበር። ልጃቸው ፋብሪካ ውስጥ ታጸዳለች፤ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ ትገባለች። ከሚቅላቱ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን የእኛን ወሬና ሳቅ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ሰምተው ወረዱ። አማርኛ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ሰምተው ነው የመጡት፤ መጀመሪያ የሞቱ ሰዎች መስለዋቸው እንደነበር ኋላ ነግረውኛል።

አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ተቀበሏቸው። «ቴዑዳ አለዎት?»

«ምን አልከኝ ልጄ?»

«የግዩር ወረቀት። ጨርሰዋል?»

«ትምህርቱን? ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው።»

«እንግዲያው ሲጨርሱ። ኤይን ማኮም፣ ቦታም የለም። አርባ ወንበር ነው፣ አርባ ሰው ነው።»

በማዘጋጃ ቤቱ መመሪያ ውስጥ አባል ለመሆን ቴዑዳ ያስፈልጋል የሚል የለም። ይህን ነገርኳቸው። «አንቺ ምሳውን ተመልከቺ» አሉኝ። እኔም ምሳውን ተመለከትኩ። ዛሬም ሲቆጨኝ ይኖራል።

እማማ የሺ አልሄዱም። ከደረጃው በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይቀመጣሉ። ስንገባ «እንደምን አደራችሁ» ይሉናል፣ ስንወጣ «በሰላም ግቡ» ይሉናል። አንዷ ሴት እንጀራ በዘይት ወረቀት ጠቅልላ ብታወጣላቸው፣ አቶ ፈንታሁን አዩና ጉባኤ ላይ «ሴትዮዋን የሚቀልብ ሰው እሱም አብሯት ውጭ ይቀመጣል» ብለው አወጁ። «አንዷ ስትገባ ስንቱ ሾልኮ ይገባል!» አሉ። እንጀራው ቆመ። በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ የማስጠንቀቂያው ደወል፣ አዛቃው፣ ጮኸ። አዛቃ ሲጮህ ሕጉ የሚቅላቱ በር ለመጣ ሁሉ ይከፈታል ይላል። እማማ የሺ ከሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤትና ከውሻው ጋር እየሮጡ ገቡ። አሥር ደቂቃ ሙሉ አባል ሆኑ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ አቶ ፈንታሁን በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ውሻው ወጣ፣ ጎረቤትየው ወጣ፣ እማማ የሺም «ስላስጠለላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ያን ቀን የአባባ ይርጋን ጣት አየሁት። ጉልበታቸው ላይ ምንም አይጽፍም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የብረቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። በረዥም የመድኃኒት መግለጫ ጀርባ ላይ፣ መስመር ሳይሰመር እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ የተጻፈ። የመጀመሪያው ቃል በቀይ ነው፦

«ሽማግሌው። እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል ተብሎ ለሚወራላቸው ለሽኩና ጊሜል አዛውንቶች። ነፍሳችሁ እንደምትበረታ ሁሉ ጉልበታችሁም እንዲበረታ፣ ስኳራችሁም እንዲወርድ እመኛለሁ። መንገድ ያመጣውን ሰው ታስተናግዱ እንደነበር ያየ መስክሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከመካከላችሁ አንደኛ መባል የሚወድ ሰው በሩን ዘግቷል። እሱ እንግዳ አለመቀበሉ አልበቃው ብሎ፣ ልቀበል ያለውንም ይከለክላል፣ አስወጣሃለሁ ይላል። ስመጣ ሥራውን በፊቱ እነግረዋለሁ። እናንተ ግን እሱን አይታችሁ አትክፉ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤»

እዚህ ላይ ወረቀቱ አለቀ። ስምም የለ፣ ፊርማም የለ።

አርባ ሰው ደረጃው ላይ ተደርድሮ አነበበው። ማንበብ አንችልም ብለው ቅጻቸውን ለዓመታት ያስሞሉኝ ሰዎች ጭምር አነበቡት። እኔም ገና ቀዩን ቃል ሳይ ደብዳቤዋን አወቅኋት። በአዲስ ኪዳን መጨረሻ አካባቢ ካሉት አጫጭር መልእክቶች አንዷ ናት፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ባንድ ገጽ የምታልቅ። ጸሐፊዋ ስሙን አይናገርም፣ ሽማግሌው ብቻ ይላል። እንግዳ የሚቀበለውን ያመሰግናል፣ በር የሚዘጋውን አለቃ ይወቅሳል። አባባ ይርጋ ስኳሩን ብቻ ነው የጨመሩባት። ስንተኛዋ መልእክት እንደሆነች አልናገርም፤ ልማድ ሆኖብኝ ዛሬም እፈራለሁ።

ችግሩም ይኸው ነበር። ያወቃት ሁሉ ማወቁን መናገር አይችልም። «ይቺማ ከዚያ የተቀዳች ናት» ያለ ሰው፣ «አንተ በምን አወቅህ፣ ገበሬ አልነበርክም?» ይባላል። ስለዚህ አርባ ገበሬ ግንባሩን ቋጥሮ፣ «ምን ዓይነት እንግዳ ነገር ነው!» እየተባባለ ወረደ።

አቶ ፈንታሁን ወረቀቱን ቀደዱና ምርመራ ጀመሩ። መጀመሪያ የሽርሽር ምዝገባ ነው ብለው የሁሉንም የእጅ ጽሑፍ ሰበሰቡ። ያ ሁሉ ሰው በግራ እጁ የጻፈ ይመስል ነበር። ቀጥለው ቀይ ስክሪብቶ ያለው ማነው አሉ። ቀይ ስክሪብቶ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ስም ሥር አሰምርበታለሁ። «ሐሙስ ስብሰባ አለ» አሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው። «ደራሲው ካልወጣ ለዓይሪያ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አመለክታለሁ። ሠራተኛም ቢሆን።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ይርጋ ቤት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። በሩን ሲከፍቱልኝ ቀዩ ስክሪብቶዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ልመልስልሽ ስል ነው» አሉ።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? በቀይ? ከነቀዩ? እንኳን ሰው ግድግዳው ያውቀዋል!»

«በብራና መጀመሪያው ቃል በቀይ ነው የሚጻፈው» አሉ፤ ሌላ ቀለምም እንዳለ ጨርሶ ያልታሰባቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ወንበር አቀረቡልኝ። «አስቴር፣ እኔ ሃይማኖቴን ቀይሬአለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ጭንቅላቴን ግን በምን ሳሙና ልጠበው? የተማርኩት ሁሉ እዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነው።»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። «እስቲ የእርስዎን ጥያቄ ልጠይቅዎት» አልኩ። «የዚያች የድሮዋ ደብዳቤ ደራሲ ማነው?»

ደስ አላቸው። ይህን ጥያቄ እዚህ አገር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ኪፓቸውን ደገፍ አደረጉ። «በእሱ ላይ ተጣልተዋል። ግማሹ ወንጌሉን የጻፈው ነው ይላል፣ ግማሹ የለም፣ ሌላ ሽማግሌ ነው ይላል። እኔን ያስተማሩኝ የኔታ ግን ይስቁ ነበር። ‹አንደኛ መሆን የሚወድን ሰው የሚገሥጽ ደብዳቤ የራሱን ስም ከላይ አስቀምጦ ይጀምራል እንዴ? እንግዳ ይገባ እንደሁ እንጂ እሱ ይታወቅ እንደሁ ግድ የለውም› ይሉን ነበር።»

«መልእክቱስ?»

«አንድ በር። ያ ሁሉ ቀለም የፈሰሰው ለአንድ በር ነው። የጻፈው ይሁዲ ነው፣ መንገደኞቹ ደክሟቸዋል፣ ባለ በሩ ይኮራል። ከዚህ ውስጥ ከኛ የራቀው የቱ ነው?»

«አባባ፣ ከታወቀ መሪጌታ ነበሩ ይባላል። ሞዓዶኑን ያጣሉ። ምሳዎትን፣ ሰውዎትን…»

«እሷስ ምን አላት?» አሉ። ከዚያ ስክሪብቶዬን አንሥተው ሰጡኝ።

ሐሙስ አርባው ወንበር ሞላ። አቶ ፈንታሁን የተቀደደችውን ደብዳቤ በፕላስተር ገጣጥመው፣ በማሽን አባዝተው፣ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቅጂ አድለው ነበር። ማስረጃ ሁሉም ሰው እጅ ይግባ ብለው ነው። በአየር ማስገቢያው ቱቦ የእማማ የሺ ሳል ይሰማል። ሊቀመንበራችን ቆሙ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቺን ስድብ እኔ ራሴ አነባታለሁ። እያንዳንዳችሁ ስሙ። ደራሲዋ ፊቱ ይለዋወጣልና እናያለን።»

ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ በቁጣ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ረጋ አለ። ሦስተኛው ላይ ዜማ ብጤ ገባበት፤ የቃሉ መጨረሻ ወደ ላይ ከፍ፣ ቀጥሎ ዝቅ። እኛ ወረቀታችንን እያየን በዓይናችን እንከተላለን። «ብዙ የምለው ነበረኝ» አሉ። ወረቀቱ እዚያ አለቀ። አቶ ፈንታሁን ግን አላለቁም። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ነቅለው፣ ትንሽ ጨፈን አድርገው፣ «በቀለም ግን አይሆንም፤ በቅርቡ እንተያያለን፣ ያኔ አፍ ለአፍ እንነጋገራለን፤ ሰላም ለእናንተ» ብለው በሚያምር ድምፅ አሳረጉት።

አርባ ሰው ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው። ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ፣ ልማድ ሆኖበት፣ «አሜን» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

አቶ ፈንታሁን መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ወረቀቱን አዩ። ከዚያ እኛን አዩ። የሚለዋወጠው ፊት የማን እንደሆነ ሁላችንም አየን። ላባቸው ከኪፓቸው ሥር ሲወርድ ሳይ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ያሳረሩኝ ሰው መሆናቸውን ረስቼ አዘንኩላቸው። ማንም «በምን አወቁ?» አላለም። ግን ጥያቄው ከመሬት በታች፣ በዚያ ወፍራም ግድግዳ መካከል፣ መውጫ አጥቶ ይዞር ነበር።

አባባ ይርጋ ተነሡ።

«ደራሲው እኔ ነኝ» አሉ።

«ኧ?» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከመለጠፌ በፊት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ እስከ መጨረሻዋ በቃሌ ነግሬያቸው ነበር። መጨረሻዋ እንዲህ ነው ብዬ፣ ወረቀቱ ስላጠረኝ። እሳቸውም በትዕግሥት አደመጡኝ። ሥራ ስለሚበዛባቸው እኔ መሆኔን ረስተውት ነው እንጂ ቃሉ አልጠፋባቸውም። አይደለም፣ ዮሽቭ ሮሽ?»

አቶ ፈንታሁን ሰምጦ እንደተጎተተ ሰው ትንፋሽ ሳቡ። «አዎ» አሉ። «አዎ። አሁን… አሁን ትዝ አለኝ።»

«እንዲያውም ያኔ ነግረውኝ ነበር፤ ብትለጥፋት ሦስት ወር ትባረራለህ ብለው።»

«ትዝ ይለኛል።»

«እኔም እሺ ብዬ ነበር። ወንበሬስ ባዶ ይቀመጣል ወይ ብዬ ስጠይቅዎት፣ ውጭ ያሉት ሴትዮ ይቀመጡበት ብለው ፈቀዱልኝ። ያቺንም ያስታውሷታል መቼም።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው! ፊታቸው ላይ አንዲት የተንኮል መስመር የለችም። አቶ ፈንታሁን «አላስታውስም» ቢሉ ሁሉንም አላስታውስም ማለት ነው፤ የደብዳቤዋንም መጨረሻ ከሌላ ቦታ አመጧት ማለት ነው። አርባ ሰው ይጠብቃቸዋል።

«አስታውሳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቤሴደር፣ እሺ። አስቴር፣ መዝግቢ።»

መዘገብኩ። ጸሐፊው ማነው የሚለውም በቃለ ጉባኤ ገባ፤ አባባ ይርጋ፣ ሥራ ገበሬ። ያ ሁሉ ሰው መዋሸታቸውን ያውቃል፤ ደብዳቤዋ ከየት እንደተቀዳችም ያውቃል። ማንም ግን ለማንም አላመለከተም። ስምን ደብቆ ሌላውን ማስገባትን የሚያስተምር ደብዳቤ ጽፈው፣ አባባ ይርጋ ሌላውን ለማዳን ሲሉ ስማቸውን ከላይ አስቀመጡ። እኔ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ያን ያህል ያስቀናኝ ነገር የለም፤ ቀይ ስክሪብቶዬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ አፌን ዘግቼ ነበርና።

እሑድ አባባ ይርጋ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወረዱ። በአባባ ይርጋ ወንበር ተቀመጡ፣ ለሁሉም በየተራ እጅ ነሱ፣ ቴሌቪዥኑን ትንሽ አዩ። ምሳ መጣ፤ ሩዝና ዶሮ። ሰሃኑን እጃቸው ላይ እንዳኖርኩት «ይሄ ወንበር የማን ነበር?» አሉኝ።

«የአባባ ይርጋ።»

«ውጭ ያሉት?»

«አዎ።»

እማማ የሺ ሰሃኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ተነሡና በሩን በትከሻቸው ገፍተው ወጡ።

«ሰሃን ከሞዓዶን አይወጣም!» ብለው ጮኹ አቶ ፈንታሁን። «ካሽሩት አለ፣ የምግብ ሕግ! መመሪያ አለ!» ሾርባቸውን ትተው ተከተሏቸው። እኔም ሰሃኔን ፍለጋ ተከተልኳቸው። አሥራ ስምንት ደረጃ ለሊቀመንበራችን ቀላል አይደለም፤ ላይ ስንደርስ ያለከልኩ ነበር። አባባ ይርጋና እማማ የሺ ከአንድ ሰሃን እየበሉ ነው። አባባ ይርጋ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና «አረፍ በል ልጄ» አሏቸው። ዮሽቭ ሮሽ አላሏቸውም። አንቱም አላሏቸውም።

አቶ ፈንታሁን ተቀመጡ። ከዚያ እኔ እንዳልሰማ ብለው፣ ወይም መስማቴን ትተውት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አባባ… መጨረሻዋን በትክክል ነው ያልኳት?» አሏቸው።

«ድምፅህ ጥሩ ነው። የት ነበር ያገለገልከው?»

«አንድ ዓመት ብቻ ነው» አሉ አቶ ፈንታሁን። ትንሽ ቆዩና «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ።

«አንዲት ነገር ዘልለሃል። ከሰላምታው በኋላ ያለችውን።»

አቶ ፈንታሁን ግንባራቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተንቀሳቀሰ። ሲደርሱባት አየሁ፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔም በልቤ አብሬያቸው እያልኳት ነበርና አወቅኋት፤ ደብዳቤዋ የምትዘጋው ወዳጆችን እያንዳንዳቸውን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ ብላ ነው።

ስድስት ሳምንት ሙሉ «ሴትዮዋ» ነበሩ። አቶ ፈንታሁን ወደ እማማ የሺ ዞሩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እማማ» አሉ፤ «ስምዎትን ማን ልበል?»

እማማ የሺ ጎርሰው ነበር። አልቸኮሉም። በደንብ አላመጡ፣ አጥንቱን ለይተው ከሰሃኑ ዳር አኖሩ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ እንዳሉ ጠበቋቸው።